ሰማንያ ያለው ዕዳ

«ኮትሽን ከኮቴ ባንድ ሚስማር ሰቅዬ፣
ክረምቱን ልለፈው … ና ና ና … ብዬ …»

ከዚህ በላይ አታውቀውም። ዜማው ሙሉ ነው፤ ግጥሙ ግን እንደ ሽማግሌ ጥርስ መሐል መሐሉ ወላልቋል። ዳርላ ፕሪቢል በተጨነቀች ቁጥር ከንፈሯ ሳታዝዘው የሚያንጎራጉረው ይህንኑ የተሸራረፈ ዘፈን ነው። ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ በሰርጓ ዕለት፣ በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ አንድ አኮርዲዮን ያነገቱ አዛውንት የዘፈኑላት ነው።

ያን ዓርብም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ልጆቹ የበታተኑትን እየደረደረች ታንጎራጉር ነበር። ዓይኗ ግን መደርደሪያው ላይ አልነበረም። በመስኮቱ በኩል ሐይቁ ይታያል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ግግር ሆኖ የከረመው ሐይቅ በመጋቢት ፀሐይ ገጹ ወይቦ፣ እዚህም እዚያም ውሃ አቁሯል። ዓሣ አጥማጆቹ በበረዶው ላይ ያቆሟቸው የእንጨት ጎጆዎች አብዛኞቹ ተጎትተው ወጥተዋል። ሦስት ቀርተዋል። ከሦስቱ አንዷ፣ የቀድሞ ባሏ የኩርት፣ አረንጓዴ ናት፤ ከጭስ ማውጫዋ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ይወጣል።

«አለ እንዴ?» አለች ሮክሳን፣ በሩን በክርኗ ገፍታ እየገባች። ሮክሳን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ የዳርላን ገመና ከዳርላ እኩል ታውቀዋለች።

«ጭሱ ይታይሻል።»

«እኔማ ምንም አይታየኝም። አንቺም አይታይሽ። ስሚኝማ እቴ፣ የብድሩን ቅጽ እንደ አዲስ ሙይና ያችን ሣጥን ምልክት አድርገሽ ተገላገይ። ‹የቀድሞ ባለቤቴን ላገኘው አልቻልኩም› ትላለች አይደል? ሁለት ጊዜ ጻፍሽለት፣ አልመለሰም። ስልኩ ዝግ ነው። ከዚህ በላይ አለመገኘት ምን አለ?»

«ሮክሳን፣ ከዚህ ሆኜ ምድጃው ውስጥ ስንት እንጨት እንደጨመረ መቁጠር እችላለሁ። ላገኘው አልቻልኩም ብዬ በሕግ ፊት ልፈርም?»

«ሌላዋ ሣጥን አለች። ‹በድሎኛል› የምትለው።»

ዳርላ መጽሐፉን አስቀመጠች። «ኩርት ሰነፍ ነው። ሞኝ ነው። በዳይ ግን አይደለም።»

«እንዲህ ማለትሽ ነው የጨረሰሽ» አለች ሮክሳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳርላ መምህርነት ስትማር አሥራ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ተበድራ ነበር። ኩርት ሀውገን ደግሞ የጀልባ ሥራ ምህንድስና እማራለሁ ብሎ፣ ሳይጨርስ የወጣበትን ሠላሳ አንድ ሺህ። ከተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ከአበዳሪው መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። ባልና ሚስት የተማሪነት ብድራቸውን ባንድ ላይ ጠቅልለው አንድ ብድር ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ወለዱም በጥቂት ይቀንስላቸዋል ይላል። ኩርት ደብዳቤውን እንደ ፍቅር ደብዳቤ ነበር ያነበበው። «ሰው ሲጋባ ጠቅልሎ ይገባ የለ እንዴ? ዕዳችንም ጠቅልሎ ይግባ!» አለ። እሷም ሳቀች። ሁለቱም ፈረሙ። በዚያ ዘመን በዚህ አገር ስንትና ስንት አዲስ ሙሽራ እንዲሁ እየሳቀ ፈረመ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ተፋቱ። ዳኛው ቤቱን ከፈለ፣ ጀልባውን ከፈለ፣ ውሻውን ለኩርት፣ የገና መብራቱን ለዳርላ ፈረደ። ዕዳው ጋ ሲደርስ ግን ቢላዋው ደነዘ። ቢፈርድም አበዳሪው አይቀበልም፤ ወረቀቱ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም የሙሉው ባለዕዳ ናቸው፣ የሚነጣጠሉበት በር በሕጉ ውስጥ አልተበጀላቸውም። ሰማንያቸው ተቀደደ፤ የዕዳው ሰማንያ ጸና።

ፍቅርን ዳኛ ፈታው በቀለም በብዕር፣
ዕዳን ማን ይፈታል፣ የማይበጠስ ክር።

ኩርት መክፈል ካቆመ ዘመን አልፎታል። ዳርላ ግን በየወሩ ትከፍላለች፤ ትከፍላለች፣ ወለዱም ይበላዋል፣ አሁንም ሃምሳ ስምንት ሺህ አለ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ላገለገለ ሰው የቀረው ዕዳ የሚማርበት ደንብ ከወጣ ቆየ። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ነፃ ወጡ፤ በየመምህራን ክፍሉ ኬክ ተቆረሰ። የእሷ ብድር ግን ያገባ ብድር ስለሆነ ደንቡ አይነካውም ተባለች። ቆይቶ ቆይቶ ሕጉ በር ከፈተ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ካመለከቱ ብድሩ ለሁለት ይከፈላል፣ የየራሳቸውን ድርሻ ይይዛሉ፤ አንዱ ብቻውን ማመልከት የሚችለው ሌላው ከጠፋ ወይም ከበደለው ብቻ ነው።

የእሷን ማመልከቻ ካስገባች አራት ወር ሆነ። የእሱ ቀረ። ረቡዕ ማታ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ወሰነ፤ ትምህርት ቤቱ ከጎረቤት ከተማው ጋር ይዋሃዳል፣ የዳርላ ቦታ ከሰኔ በኋላ የለም። ምሕረቱን ለመጠየቅ ደግሞ በሥራ ላይ መሆን አለባት። በስልክ ያነጋገረቻት ሴትዮ ብድሩን መነጣጠል ሦስት ወር ያህል እንደሚፈጅ ነገረቻት። እስከ ሰኔ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። ኩርት ደግሞ ነገ ጎህ ሲቀድ ከአጎቱ ልጅ ጋር አላስካ፣ ዓሣ ፋብሪካ ሊሄድ ነው። ይህን የነገራት እሱ ሳይሆን፣ ለዓሣ ማጥመጃ ትል የሚሸጠው ቨርን ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። ዳርላ ቅጹን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ በኮቷ ውስጥ በደረቷ በኩል አስገባች። ቁርስ እንደ ቀመሰች ናት፤ ምሳ አልወረደላትም።

የቨርን ሱቅ ከሐይቁ ዳር ናት። በረዶው ላይ ከዳርቻው ራቅ ብሎ አንድ ሞተር የሌለው አሮጌ ሰማያዊ መኪና ቆሟል፤ በየዓመቱ መቼ እንደሚሰምጥ ከተማው ባንድ ዶላር ይወራረዳል። ቨርን የውርርዱን ደብተር ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ዳርላ፣ በመኪናው ነው ወይስ በኩርት የምትወራረጂው? ሁለቱም ሞተር የላቸውም።»

«በረዶው ይይዛል?»

ቨርን ሳቁን ዋጠ። «እሱ ጠዋት በእግሩ ገብቷል። ጠዋት ግን ቀዝቃዛ ነበር። በቀኝ በኩል፣ በምልክት እንጨቶቹ ሂጂ። ዳርቻው ላይ ሳንቃ አለ። ኧረ ተይው ቢባል አንቺ…»

ሄደች።

ሰው በበረዶ ላይ ሲሄድ የሚሰማው የራሱ እርምጃ ብቻ አይደለም። ሐይቁም ከሥር ይናገራል፤ እንደ ከበሮ፣ እንደ ሩቅ መብረቅ፣ አንዳንዴም በቀጭኑ እንደ ተቃኘ ክራር ክር ይጮኻል። ዳርላ እዚህ ሐይቅ ዳር ተወልዳ ነው ያደገችው፤ ይህን ድምፅ በጥር ስትሰማው እንቅልፍ ይወስዳታል። በመጋቢት ግን ሌላ ነው። አንድ እንጨት ትቆጥራለች፣ ትራመዳለች። አሥር። አሥራ አንድ። ውሃው የጫማዋን አፍ ይልሳል።

የጎጆዋን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ዝጊው፣ ሙቀቱን ልታስወጪው ነው» አለ ኩርት፣ ማን እንደሆነች ሳያይ። አንድ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። በፊቱ በረዶው ላይ የተቦረቦረ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ክር። ጺሙ ሸብቷል። ቀና ሲል አያት፤ ዓይኑን መልሶ ወደ ጉድጓዱ አወረደ። «መምህርት ፕሪቢል። የቤት ሥራዬን ልትጠይቂኝ ነው?»

«ሁለት ጊዜ ላክሁልህ።»

«ደርሶኛል።»

«ታዲያስ?»

«በመጀመሪያው እሳት ለኮስኩበት።» ክሩን ሳብ አድርጎ ለቀቀው። «ሁለተኛውን አነበብኩት። ባላነበው ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ ስድስት ሺህ ዶላር ብቻዬን። አንቺ ነፃ።»

«በነፃ አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሬ ነው።»

«እኔስ ምን አስተምሬ ልማር?»

«ገቢህን አይተው ነው የሚያስከፍሉህ። እንዳንተ ላለው፣ ለትል የምታወጣውን ያህል ቢሆን ነው። ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። አልዋሽህም፣ ያንተ ድርሻ ያንተ ይሆናል። ግን ካልፈረምክ፣ ከሰኔ በኋላ እኔ ሥራ የለኝም፤ ይህን ዕዳ ይዤ ነው የምሞተው።»

ከሥራቸው ሐይቁ አንዴ አጉረመረመ፤ በምድጃው ላይ ያለው ጣሳ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱም ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ልንገርሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጀልባውን ሸጥኩት። ውሻው ሞተ። ቤቱን ሌላ ሰው ቀለም ቀባው። በሁለታችን ስም የቀረ ነገር በዓለም ላይ ቢፈለግ እሱ ዕዳ ብቻ ነው። አንዳንዴ ሳስበው… አንድ ቦታ፣ አንድ መዝገብ ላይ፣ አሁንም ጎን ለጎን ተጽፈናል እላለሁ።»

ዳርላ ይህን አልጠበቀችም። የምድጃው ሙቀት ፊቷን መታት። ለአፍታ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ የኩርትን የሃያ ዘጠኝ ዓመት ፊት አየችው። ቀጥሎ ግን ንዴቷ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ዘግይቶ እንደሚፈላ ውሃ።

«ኩርት፣ ያንን ትዝታ ማን እየቀለበ ያኖረው ይመስልሃል?»

«ምን ማለት ነው?»

«በየወሩ በአምስተኛው ቀን ሦስት መቶ አርባ ዶላር። አሥራ ስድስት ዓመት። የጥርሴን ሕክምና ትቼ። የመኪናዬን ማሞቂያ ትቼ። አንተ ትናፍቃለህ፣ እኔ እከፍላለሁ።»

ኩርት የክሩን እንጨት አስቀመጠ። «ትከፍያለሽ?»

«ምን መስሎህ ነው?»

«ያቆምሽ ነበር የመሰለኝ። እኔ ሳቆም ሁለታችንም ያቆምን ነው የመሰለኝ። ዛሬ መጥተው ይይዙኛል፣ ነገ መጥተው ደሞዜን ይወስዱታል እያልኩ…» አላስጨረሰውም ትንፋሹ። «ለዚህ እኮ ነው ቋሚ ሥራ የማልገባው። የጀልባ ሞተር ሳድስ እጅ በእጅ የምቀበለው። ማንም እንዳያገኘኝ። አንድ ቀንም የመጣ ሰው የለም። ጎበዝ ተደብቄያለሁ እል ነበር።»

«አልተደበቅህም። የሚፈልግህ አልነበረም፣ እኔ ስከፍል።»

ከዚያ ኩርት ጓንቱን አወለቀና እጁን ዘረጋ። «አምጪው።»

ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ አደረገው። እስክሪብቶው አልጽፍ አለ፤ ቀለሙ ረግቷል። ዳርላ ነጥቃው በብብቷ ውስጥ ከተተችው። እንዲህ ቆዩ፣ እሷ ክንዷን አጥብቃ፣ እሱ ወረቀቱን በትንፋሹ እንዳያረጥበው ፊቱን አዙሮ። ከውጭ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ከሃምሳ። ፖስታ ቤቱ አሥር ተኩል ላይ ይዘጋል። ወረቀቱን ለነገ ማሳደር አላመነችም፤ ነገ እሱ የለም፣ ስህተት ቢገኝ የሚያርመው የለም።

እስክሪብቶው ሞቀ። ኩርት መጻፍ ጀመረ። ዳርላ በትከሻው በኩል አየችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ስም አለ፣ ስም ጻፍኩ።»

በስም መጻፊያው ላይ፣ በዚያው በድሮው የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ፣ «ኩርት እና ዳርላ ሀውገን» ብሏል። ለገና ካርድ፣ ለሰርግ ስጦታ፣ ለለቅሶ ቤት አበባ ሲጽፍ እንደኖረው። እሱም ወረቀቱን እንደገና አነበበና ጆሮው ቀላ። «እጄ ነው የጻፈው። እኔ አይደለሁም።»

ዳርላ ከኮቷ ውስጥ ሌላ ንጹሕ ቅጽ አወጣች።

«ስንት ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

«አራት። አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው።»

ኩርት ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «አሁን ቀስ ብለህ። ያንተን ስም ብቻ።» ጻፈ። ቀኑን ጻፈ፣ እሷ ቀኑን ሁለት ጊዜ አጣራች። ፈረመ። የተበላሸውን ወረቀት አጣጥፎ በሸሚዙ ኪስ ሲከት አየችው።

ሲወጡ የመጣችበት መንገድ የለም። የምልክት እንጨቶቹ አሉ፤ በመካከላቸው ግን ውሃው ሰፍቶ እንደ መስተዋት ተኝቷል። ኩርት ረጅሙን የብረት ዘንግ አነሳ። «እኔ ፊት ልሂድ። በረዶውን እየወጋሁ እሄዳለሁ፣ እኔ በረገጥኩበት ርገጪ። ግን አሥር እርምጃ ራቂ። እንዳትጠጊኝ።»

«ብወድቅስ?»

«ብትወድቂም አልጠጋሽም። ሁለታችንን ባንድ ላይ አይሸከምም። ከወደቅሽ እጅሽን ዘርግተሽ ተኚ፣ በደረትሽ ተሳቢ።»

ጓ፣ ጓ፣ ጓ ይላል ዘንጉ። ድምፁ ሲወፍር ኩርት ይራመዳል፣ ሲቀጥን ወደ ጎን ይዞራል። ዳርላ አሥር እርምጃ ትቆጥራለች፤ ሲፈጥን ትፈጥናለች፣ ሲቆም ትቆማለች። ዳርቻው ተቃርቧል፤ ቨርን ሳንቃውን ይዞ ውሃው አጠገብ ቆሞ ይታያል። ሠላሳ እርምጃ ሲቀር ግራ እግሯ የረገጠችው ቦታ ያለ ድምፅ ጠፋ።

እስከ ጭኗ ገባች። ቅዝቃዜው እንደ ጥርስ ነከሳት። ኩርት ዞረ፣ አንድ እርምጃ ወደ እሷ አንስቶ በረዶው ሲያቃስት ተወው። «ተኚ!» አለ። «ተኚ፣ ዳርላ። እጅሽን።»

ተኛች። በደረቷ ላይ ያለው ወረቀት ከበረዶው ጋር ተጣብቆ ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል። ፕላስቲኩ ይይዝ ይሆን? ያሰበችው እግሯን አይደለም፣ ፕላስቲኩን ነው። በክርኗ ተሳበች። እግሯ ወጣ፣ ጫማዋ ሞልቶ እንደ ድንጋይ ከበደ። ኩርት ዘንጉን አጋድሞ ወደ እሷ አንሸራተተላት፤ ጫፉን ያዘች። ጎተተ። እሷም እንደ ሕፃን ዳዴ አለች፣ እሱም ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ በመካከላቸው ያ የዘንግ ርዝመት ሳይጠብ።

ሳንቃው ላይ ሲደርሱ ቨርን በብብቷ አንስቶ አቆማት። «እኔ ያልኩት…» ብሎ ጀመረ፣ ፊቷን አይቶ ተወው።

ከረጢቱን አውጥታ ከፈተችው። ወረቀቱ ደረቅ ነበር።

«ሂጂ እንግዲህ» አለ ኩርት። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ እሱም ጉልበቱ ድረስ ርሷል። «እኔ ጎጆዬን እንዴት እንደማወጣት ላስብ።»

«ከአላስካ አድራሻህን ላክ። ደብዳቤው ከእንግዲህ ወደ ራስህ ነው የሚመጣው።»

«አነበዋለሁ» አለ።

ፖስታ ቤቱ ስትደርስ አይሪን፣ ሥልሳ ስምንት ዓመታቸውን የያዙት የፖስታ ቤቱ ሴትዮ፣ መጋረጃውን ግማሽ አውርደው ነበር። ዳርላ በእያንዳንዱ እርምጃ ጫማዋ ውሃ እየተፋ ገባች።

«ወለሌን አጠብሽልኝ» አሉ አይሪን።

«እትዬ አይሪን፣ ሰባት ደቂቃ አለ።»

«ስድስት ነው። አምጪ።» ፖስታውን ተቀበሉ፣ የተጻፈበትን አድራሻ በመነጽራቸው ሥር ረጅም ጊዜ አዩት፣ ሲደርስ የሚፈረምበትን ደረሰኝ ሞሉ። «የኩርት ነው?»

«የኩርት ብቻ።»

አይሪን ማኅተሙን አነሱና መቱት። አንዴ መምታት ይበቃ ነበር፤ ሁለቴ መቱት።

የጾም ዓርብ ነው፤ ሥጋ አይበላም፣ ዓሣ ይፈቀዳል። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ከተማው ሁሉ ለተጠበሰ ዓሣ ተሰልፏል፤ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ሰዉ ከዘይቱ በላይ ይንጫጫል። ዳርላ ቤቷ ገብታ ካልሲዋን እንኳ አልቀየረችም፤ በሮክሳን መኪና ውስጥ የነበረ የሰው የወንድ ቦት ጫማ አድርጋለች። ሮክሳን ትከሻዋን ይዛ በሰዎቹ መሐል ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ነዳቻት።

«ፈረመ?»

«ሁለት ጊዜ ጽፎ።»

«ሁለት ጊዜ ደግሞ ለምን?»

«ቆይተሽ ጠይቂኝ።»

«ታዲያ ተለያያችሁ ማለት ነው?»

«ወረቀቱ ፖስታ ቤት ነው ያለው። እስከ ሰኔ ይደርስ አይደርስ አላውቅም። ለሁለት ቢከፍሉትም ምሕረቱን ይከልክሉኝ አይከልክሉኝ አላውቅም።» ሁለቱን መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አየቻቸው። «ብቻ ከእኔ እጅ ወጥቷል።»

ሮክሳን ሳህን አመጣችላት፤ የሐይቅ ዓሣ፣ የድንች ቂጣ፣ ጥቁር ዳቦ፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመን። ዳርላ ወንበሩን ሳበች፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፣ ዓሣውን በእጇ ቆርሳ በላች።